የማጆክ «ሶሪ»

እንግሊዝኛ አውቃለሁ ማለቴ ነው ጦሱ። በክፍላችን በእንግሊዝኛ አንደኛ እወጣ ነበር፤ የምወጣው ግን መምህራችን ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ቃል ከነፍቺው እንደ ዳዊት ስለምደግም እንጂ ቋንቋው ገብቶኝ አይደለም። እናቴ ዘመናይ ይሄን ከየት ታውቀዋለች? «የኔ ልጅ እንግሊዝኛ እንደ ውኃ ነው የምትጠጣው» እያለች በሰፈሩ ሁሉ ታወራለች። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ደግሞ የእናት ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። አንድ የደቡብ ሱዳን ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሊማር መጥቶ የሚከራይ ቤት ይፈልጋል ሲባል፣ ደላላው ሌላ በር ሳያንኳኳ ቀጥ ብሎ እኛ ዘንድ መጣ። «እናንተ ቤት አስተርጓሚ አለ» አለ። አስተርጓሚዋ እኔ ሂዊ ነበርኩ፤ አሥር ዓመቴ።

ሰውየው ማጆክ ይባላል። የመጣ ዕለት ሰርቪስ ቤቷን ሊያይ ሲገባ ግንባሩን ከጉበኑ ጋር አላተመው። እንዲህ ያለ ቁመት በሰፈራችን ታይቶም አይታወቅ።

«እኔን!» አለች እማዬ ደረቷን ይዛ።

ማጆክ ግንባሩን እያሻሸ ወደኔ ዞረ፤ ምን አለች ማለቱ ነው።

«ሚ» አልኩት።

እስኪ አሁን ይሄ ምን ይባላል? አንዲት ሴት የሰው ግንባር ሲመታ አይታ «እኔ» አለች ብዬ የተረጎምኩ ልጅ ያን ቀን ነው ከሥራ መባረር የነበረብኝ። ማጆክ እማዬን አየት፣ እኔን አየት አደረገና በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። ቤቷን ተከራየ።

ከዚያ በኋላ መከራችን ነው የጀመረው፤ የሱም የኛም። እኛ አገር «አዎ» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ማድረግ ይበቃል። ማጆክ እማዬ ትንፋሿን በሳበች ቁጥር ያመማት እየመሰለው ብድግ ይላል።

«ሆስፒታል?» ይለኛል።

«ኖ። ዬስ» እለዋለሁ።

«ኖ ነው ዬስ?»

«ዬስ ነው። ኖ፣ ሆስፒታል ኖ።»

እማዬ በዚህ መሀል «ምን አለ?» ትላለች። እኔ «ደኅና ነሽ ወይ አለ» እላታለሁ። እሷም ደስ ብሏት ትንፋሿን ሳብ ታደርጋለች። እሱ እንደገና ይነሣል።

ብርዱስ! የጮቄ ተራራ ነፋስ በመስከረም አንዴ የነካውን ሰው እስከ ሰኔ አይለቀውም። እማዬ የአባቴን ጋቢ አውጥታ ሰጠችው። አባቴ አጭር ሰው ነበር፤ ጋቢው ማጆክ ጉልበት ላይ ቀረ። ሲለብሰው ልጆች አጥር ላይ ተንጠላጥለው በማይገባ ስም ይጠሩት ነበር። እኔም አንድ ሁለት ቀን አብሬ ጠርቼዋለሁ፤ ምን ልዋሽ።

በየካቲት ዓቢይ ጾም ገባ። ሻሼ የምትባል የፈረንጅ ላም ነበረችን፤ ጥቁር ሆና ግንባሯ ላይ ነጭ ሻሽ ያሰረች የመሰለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤቱን ያቆመችው እሷ ናት። ማጆክ ጠዋት ጠዋት እማዬ ስታልባት ያያል፤ ከዚያ ሁላችንም ሽሮ ስንበላ ያያል። አንድ ሳምንት ታገሠ። በኋላ ግን አልቻለም።

«ወተቱ ለማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

እማዬ «ለፋሲካ ቅቤ ይወጣዋል በይው። እሱ ከፈለገ ይጠጣ፤ ማን ከለከለው?» አለች።

እኔ ፋሲካን በእንግሊዝኛ አላውቀውም። «ሆሊዴይ ይጠጣዋል» አልኩት። ሆሊዴይ የሚባል ሰው ይመጣል ብሎ ስንት ቀን ጠብቆ እንደሆነ እንጃ።

ሻሼን ግን ያለ አስተርጓሚ ነበር የሚግባባት። አገሩ የከብት አገር ነው። ስሙ ራሱ የወይፈን መልክ ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ በኛ ቡሬ እንደ ማለት። ይሄን ሲነግረኝ ሣር ላይ ተንከባለልኩ። ሰው በበሬ ስም ይጠራል እንዴ? እሱ ግን ኮራ ብሎ ነው የነገረኝ። ከትምህርት ሲመለስ ደብተሩን አስቀምጦ ጎኗ ይቀመጥና በዝግታ ይዘፍንላታል። እሷም ማመስኳቷን ትታ ጆሮዋን ታቀናለች።

ጎረቤታችን መሪጌታ ገዳሙ ይሄን በአጥር ሰምተው አልወደዱትም። የቅኔ መምህር ናቸው፤ የተማሪያቸው ብዛት፣ የሰዉ አክብሮት! «ዘመናይ» አሏት እናቴን፣ «ይሄ ልጅ ላሟ ላይ የሚያነበንበው ነገር አልጣመኝም። ሰው ከላም ጋር ምን ጉዳይ አለው? ድግምት እንዳይሆን።»

«ኧረ መሪጌታ፣ ዘፈን ነው» አለች እማዬ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷም ሲዘፍን ጆሮዋን መጣል ጀመረች። እኔም ድግምት መሆኑን ወዲያው አመንኩ፤ የሚያስፈራ ነገር ማመን ለልጅ ደስ ይላል። በእነሱ ዘንድ ሰው ለሚወደው ከብት እንደሚዘፍን፣ አገሩ የናፈቀውም የሚጽናናው በዚያ እንደሆነ የተረዳሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

ደግሞም የሚናፍቅበት ምክንያት ነበረው። አንድ ቀን ደብተሬ ላይ ካርታ ሣለልኝ። ይሄ ማርቆስ፣ ይሄ ዓባይ፣ ይሄ የኔ መንደር አለና መንደሩን በእርሳስ አጠቆረው። «ዋር» አለኝ። ጦርነት። ከዚያ ጣቱን ማርቆስ ላይ አድርጎ፣ የሰኔን ፈተና ካለፈ ስኮላርሺፑ እንደሚቀጥል፣ ካላለፈ ወይም ካቋረጠ ግን እንደሚያበቃ አስረዳኝ። ጣቱን ከማርቆስ አንሥቶ ወደ ጠቆረው ቦታ መለሰው። ይሄን እንኳ በትክክል ተረድቼዋለሁ። ያልተረዳሁት ቀላል ቀላሉን ነው።

ፋሲካ አልፎ በሁለተኛው ቅዳሜ እማዬ ይጁቤ ገበያ ሄደች። እኅቷ ዘንድ አድራ ጠዋት ልትመለስ፣ እኔ ደግሞ መሪጌታ ቤት ላድር። ስትወጣ በር ላይ ቆማ፣ «የድንቹንና የካሮቱን ልጣጭ ለሻሼ ስጫት። ከፌስታሉ አራግፈሽ! ሰማሽ?» አለችኝ።

ትንፋሼን ሳብ አደረግኩ። ሰምቻለሁ። ግን ውጭ ልጆቹ ሱዚ ይዘላሉ፤ ልጣጩ ደግሞ ሰንብቶ ሸትቷል፤ ማን እጁን ይነክራል? ከነፌስታሉ፣ እንደተቋጠረ፣ ገንዳዋ ውስጥ ወርውሬላት ሮጥኩ። ረሳሁትም። ሌላው ቢቀር ትዝ ቢለኝ ምን ነበረበት!

አመሻሽ ላይ ልብሴን ልወስድ ስመለስ ማጆክ በግራ እጁ የሻሼን አንገት አቅፎ፣ ቀኝ እጁን እስከ ክርኑ አፏ ውስጥ ከቶ አየሁት። ታቃስታለች፣ ትንፈራገጣለች። እሱ በቋንቋው አንድ ነገር እየደጋገመ ይናገራታል። ሸሚዙ በልጋግ ርሷል። ዞር ሲል በር ላይ አየኝ።

«ሂዊ! ካም! ኮል ማማ! ዶክተር! ዶክተር!»

ከነዚህ ቃላት አንዱም አይጠፋኝም። ሁሉም መጽሐፋችን ላይ አሉ፤ ዶክተርማ ሥዕልም አለው። ግን እጁ ላሟ ጉሮሮ ውስጥ ነበር፤ እኔም ስለ ድግምት ስንት ሳምንት ሙሉ ስሰማ ከርሜያለሁ። እግሬ አውጪኝ ብዬ መሪጌታ ቤት ገባሁ። «ማጆክ የሻሼን ምላስ እየነቀለ ነው!» አልኳቸው። አማተቡ። ሄደው ማየት እኮ አንድ ነገር ነው፤ አጥር ለአጥር ነን! «ነገ እናትሽ ስትመጣ» አሉ።

እማዬ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣች። ሻሼ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ እግሮቿ ተገትረው፣ ሞታ አገኘቻት። ማጆክ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ እንቅልፍ የሚባል ዓይኑ ላይ አልዞረም።

«ወይኔ! ወይኔ ቤቴ! ወይኔ ምሰሶዬ!» ብላ ነጠላዋን ወረወረችው። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ ወጣ። ማጆክ ተነሥቶ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ፊቷ ቆመ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«ሶሪ፣ ማማ። ሶሪ። ቬሪ ሶሪ።»

እማዬ ወደኔ ዞረች። ሰፈሩ በሙሉ ወደኔ ዞረ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የተከበርኩበት ጊዜ የለም።

«ምን አለ?»

ሶሪ፦ ይቅርታ። ከነፍቺው ነው የማውቀው። «ይቅርታ አድርጉልኝ አለ» አልኩ ጮክ ብዬ። «በጣም ይቅርታ አድርጉልኝ አለ።» እሱ አልበቃ ብሎኝ ደግሞ፣ «ማታ እጁን አፏ ውስጥ ሲከት አይቻለሁ።»

«በቃ!» አሉ መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ወግተው። «ይቅርታ ያለ አጥፍቷል። ያላጠፋ ሰው ምን ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል?» ዕድሜ ልካቸውን አንድ ቃል ሁለት ፍቺ አለው እያሉ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው፣ ያን ቀን አንዷን ይዘው ፍርድ ሰጡ።

ማጆክ ነገሩ እንደተበላሸ ፊታችን ላይ አየ። ወደኔ ጎንበስ ብሎ በፍጥነት መናገር ጀመረ፤ ጉሮሮውን ያሳያል፣ ገንዳውን ያሳያል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የያዝኩት አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ምን አለ?» አለች እማዬ።

«ፕላስቲክ አለ።»

«የምን ፕላስቲክ?»

እኛ ቤት ፕላስቲክ የሚባለው የወተቱ ባልዲ ነው። ያኛው ስሙ ፌስታል ነው፤ ማን ፕላስቲክ ብሎ ጠርቶት ያውቃል? «ባልዲውንም ሰብሬዋለሁ መሰለኝ ያለው» አልኩ።

እማዬ ሰርቪስ ቤቷ ገባች። ሻንጣውን ጎትታ አውጥታ ከበር ውጭ አስፋልቱ ላይ ጣለችው፤ መጻሕፍቱን አስከትላ። «ከቤቴ ውጣ! ካገሬ ውጣ!» ይሄን እንድተረጉም አልጠየቀችኝም። እሱም አላስፈለገውም። ሻሼ ዘንድ ሄዶ ግንባሯን በመዳፉ ነካት፤ ሴቶቹ «ኧረ አሁንም ይነካካታል!» ብለው ጮኹ። ከዚያ አንዴ አየኝ። የተናደደ መስሎኝ እማዬ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጥኩ። ተናዶ አልነበረም፤ አንድ ተጨማሪ ቃል እንድናገርለት እየጠበቀ ነበር። ጠበቀ፣ ጠበቀና መጻሕፍቱን ለቅሞ ሄደ።

ላም የገደለ ተብሎ ወሬው ቀደመው። በዚያ ሰሞን ከቤት ቤት ሲዞር አይተነዋል ያሉ ነበሩ፤ የተከፈተለት በር ግን አልነበረም። እኔ ደግሞ «አንበሳ ልጅ» ተባልኩ። መሪጌታ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ። ትምህርት ቤት ታሪኩን ሦስት ሳምንት አወራሁት፤ በሦስተኛው ሳምንት ማጆክ በግንባሩ ቀንድ አብቅሎ ነበር።

አሁን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ካምፓላ ሁለተኛ ዲግሪ እየተማርኩ ነው። እንግዳ መሆን ምን እንደሆነ እኔም በተራዬ አየሁት። ጠዋት ማቶኬ፣ ማታ ማቶኬ፤ የተቀቀለ ሙዝ ምግብ ነው ብሎ የፈረደው ማን ነው? ትንፋሼን ሳብ ሳደርግ መምህሮቹ አስም አለብሽ ወይ ይሉኛል። ከሁሉ በላይ ያንገሸገሸኝ ግን የሰዉ ይቅርታ ማብዛት ነው። እስክርቢቶ ሲወድቅብኝ ይቅርታ፣ ሳስነጥስ ይቅርታ። ምን አደረጋችሁኝ?

ባለፈው ወር ዝናብ ጥሎ ካፌው ደረጃ ላይ ከነሳህኔ ተንሸራተትኩ። ወጡ ልብሴ ላይ፣ እኔ መሬት ላይ። ስድስት ሰው በአንድ አፍ «ሶሪ! ሶሪ!» አለ። አንዱ እንዲያውም መንገድ ማዶ ነበር የቆመው። አብራኝ የምትኖረው ናካቶ ልታነሣኝ ጎንበስ ብላ «ሶሪ፣ ሂዊ፣ ሶሪ» ስትል ቱግ አልኩ።

«አንቺ ነሽ የጣልሽኝ? ምን አድርገሽ ነው ይቅርታ የምትጠይቂኝ?»

ናካቶ ግራ ገባት። «ምንም አላደረግኩም። ወደቅሽ፤ ሶሪ አልኩሽ። እናንተ አገር ሰው ሲወድቅ ዝም ይባላል?»

«ዝም አይባልም! እኛ እኮ አይዞሽ…»

አፌ ላይ ቀረ። ደረጃው ላይ፣ ወጡ ውስጥ፣ ቁጭ አልኩ።

«ደቡብ ሱዳኖችም እንዲህ ነው የሚሉት?» አልኳት።

«ሁላችንም» አለች።

ልብሴን እንኳ ሳልቀይር እማዬ ዘንድ ደወልኩ። ስልኩን እንደ ልማዷ ከጆሮዋ አርቃ «ሃሎ! ሃሎ! ትሰሚኛለሽ?» እያለች ስትጮኽ ታገሥኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ልጣጩን፣ ፌስታሉን፣ ማራገፍ ሰንፌ መወርወሬን። «ሻሼን የገደልኳት እኔ ነኝ» አልኳት። አለቀስኩም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«የእንስሳት ሐኪሙ በማግስቱ መጥቶ ጉሮሮዋን ከፈተው፤ አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ። እኔው ራሴ የቋጠርኩት ፌስታል ነው የወጣው። ግማሹ ተቦጭቋል። ይሄን የጎተተ ሰው እጁ ተነክሷል አለኝ ሐኪሙ፣ ትንሽ ቢታገዝ ያድናት ነበር አለኝ።»

«እና ዝም አልሽኝ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? የአሥር ዓመት ልጅ ላይ ላም ልጫንባት?» ቀጥላ፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ፣ «ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሦስት ቀን ቆሜያለሁ። ዘበኞቹ በመጨረሻ ትምህርቱን አቋርጦ ሄዷል አሉኝ። በየት ብል፣ በደጀን መኪና፣ ወዳገሩ።»

ደብተሬ ላይ በእርሳስ ያጠቆራት፣ ጦርነት ያለባት መንደሩ ትዝ አለችኝ። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም።

«አንድ ነገር ብቻ አልፈታልህ ብሎኝ ይኸው ስብሰለሰል እኖራለሁ» አለች። «እሱ ካላጠፋ ለምን ይቅርታ ጠየቀኝ? አንቺን አይቶሽ ሊሸፍንሽ ይሆን? እላለሁ። ለሱ ስል ስንት ጊዜ ጧፍ አብርቻለሁ።»

«እማዬ፣ ይቅርታ አልጠየቀሽም።»

«አንቺው አይደለሽ እንዴ የተረጎምሽው!»

«አዎ፣ እኔው ነኝ። በእነሱ ቃሉ ሌላ ነው። አይዞዎት ነው ያለሽ። አይዞዎት፣ እማማ፤ በጣም አይዞዎት።»

 ቀጥሎ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ፤ ወደ ውስጥ ይሁን ወደ ውጭ አልለየሁትም።

«አይዞሽ ያለኝን ሰው ነው እንግዲህ» አለች፤ አልጨረሰችውም።  ከዚያ ድንገት ቆጣ ብላ፣ «በይ ፈልጊው! ላገሩ ቅርብ አይደለሽ?»

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ይጁቤ ገበያ አይደለም! በምን ስም፣ የት ብዬ፣ በሕይወት…»

«ፈልጊው ብያለሁ! ሂጂና አገናኚኝ፤ እኔው በአፌ ነው የምነግረው። ባንቺ ትርጉም ድጋሚ አልገባም። ይቅርታ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

 ይሄን ሁሉ ዓመት ተምሬ ሌላ ቃል አላገኘሁም።

«ሶሪ» አልኳት።

«ሶሪ። ሶሪ። ይኸው፣ ያዝኩት።»

«እማዬ፣ ግን እሱን ስትይው ይቅርታ ያልሽው አይመስለውም። አይዞህ ያልሽው ነው የሚመስለው።»

«ይምሰለው» አለች እናቴ። «ያን ቀን እሱንም አይዞህ ያለው ሰው አልነበረም።»